ስልሳ ሁለት ፐርሰንት ላይ

መርካቶ ውስጥ ያልተሸወደ ሰው የለም። ተሸውጃለሁ የሚል ሰው ግን ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ በባትሪ ብትፈልጉ አታገኙም። የምትሰሙት ሁሉ የጓደኛ ታሪክ ነው። ስልክ ብሎ ገዝቶ ካርቶኑ ውስጥ ሳሙና ያገኘ ጓደኛ አለ። ሁለቱም የግራ እግር የሆነ ጫማ ገዝቶ ቤቱ ሲገባ ያወቀ ጓደኛ አለ። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ ገዝቶ፣ ቅቤው ሲነጠር ከሚስቱ ጋር የተጣላ ጓደኛ አለ። ተወልጄ ባደግሁበት ሰፈር ይህን ሁሉ ሞኝ ጓደኛ ያፈራ፣ ራሱ ግን አንድም ቀን ያልተሞኘ ይህን ሁሉ ብልጥ ሰው ማን እንደሰበሰበው ሳስበው ይገርመኛል።

ስለዚህ ዛሬ ወግ ላፍርስ። የተሸወድኩት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ አይደለም። ቦታው ሸማ ተራ ነው፤ ጊዜው ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ዓመት ያለፈን፣ መብራት በፈረቃ የሚመጣበት፣ የገና በዓል የደረሰበት ሰሞን። አይዟችሁ፣ መጨረሻው ደስ ይላል። ደስ ባይልማ እኔም የጓደኛዬ ነው እላችሁ ነበር።

ሸማ ተራ ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ምን ይሠራል? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ ደግሞ ማስረዳት እወዳለሁ። መርካቶ ውስጥ ሙሉ ሱቅ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላው ያለው ጥግ ነው። የእኔዋ ጥግ የጋሽ ወርቁ ጋቢ መሸጫ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ነበረች። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ብሎን፤ ከኋላዬ ደግሞ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጋቢ። ኮምፒውተሩን ሊያሳይ የመጣ ሰው ጋቢ ገዝቶ ይሄዳል፤ ጋቢ ሊገዛ የመጣ ሰው ስልኩን አስጠግኖ ይሄዳል። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸውን እየፈታሁ፣ ያልተበላሸውን እያበላሸሁ ነው የተማርኩት። ጋሽ ወርቁ «ኢንጂነር» ይሉኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የምር መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ወርቁ ስልሳን የዘለሉ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጋቢ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው። ሸማኔ ዕቃ ሲያመጣላቸው ላዩን አያዩትም። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ዓይን የሚያየው የውጭውን ነው፤ የውስጡን የሚያየው እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ጋቢውን ወለሉ ላይ ከጥለት እስከ ጥለት ይዘረጉታል፤ ጫማቸውን አውልቀው ይንበረከካሉ፤ እጃቸውን በእጥፎቹ መሀል ይከቱና ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ገበያ ቢደራ፣ ገዢ ቢቆም፣ ሸማኔው ዘመዳቸው ቢሆን ለውጥ የለም። «የመጀመሪያው ክንድ ላይ ሁሉም ሸማኔ ጎበዝ ነው» ይላሉ እየተነሱ፤ ጉልበታቸው ቋ ይላል። እኔ ይህን ሳይ የአሮጌ ሰው አጉል ጥንቃቄ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሂሩት ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ሂሩት ከፊት ለፊታችን ነጠላ የሚሸጡት የእትዬ ዘነቡ ልጅ ናት። ነርሲንግ ትማራለች። የመመረቂያ ጽሑፏን በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ካላስረከበች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። አራት ወር የለፋችበት ጽሑፍ ያለው ደግሞ እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ላፕቶፗ ግን በቫይረስ ተይዛ አንድ ገጽ ለመክፈት ቁርስ በልቶ የመመለስ ያህል ጊዜ ትፈጃለች። የልጅቷ ጥያቄ አጭር ነበር፤ ቫይረሱን አጥፋልኝ፣ ጽሑፌን አሳትሜ ልሂድ።

ችግሩ እኔ በዚያ ሰሞን ሊኑክስን የማስረዳበት ሰው ፍለጋ ላይ ነበርኩ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛዬ (እውነተኛ ጓደኛ ነው፣ ከላይ እንዳነሳኋቸው ዓይነት አይደለም) በሃርድ ዲስክ አምጥቶ ሰጥቶኛል። ሊኑክስ ምንድን ነው? አትሽሹ፣ አጭር ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳ፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያዝ ዋና ፕሮግራም አለ። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ዊንዶውስን ነው። ሊኑክስ ሌላው ነው። በየአገሩ ያሉ አዋቂዎች በደቦ የሠሩት፣ በነጻ የሚታደል፣ ውስጡን ከፍታችሁ ብታዩት ማንም የማይቆጣችሁ፣ ያ ሰፈራችንን ሲያምስ የነበረው የፍላሽ ቫይረስም የማያውቀው። ይህን ለሂሩት ሳስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል። ለእናንተ ራርቼ ነው።

«ጽሑፌ አይጠፋም?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ምን ሲደረግ! መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ኮፒ አደርገዋለሁ። ከዚያ ዊንዶውሱን ሳልነካ ሊኑክሱን ጎኑ ላይ እጭነዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ከቫይረስ ጋር ተፋታሽ።»

«ሌላ ቅጂ እኮ የለኝም። የእኔን ፍላሽ ቫይረሱ በልቶታል።»

«ሂሩት፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ በሕይወቴ ደግሜ አልተናገርኩትም።

ስለ ፍላሿ ላውራችሁ። ከሁለት ቀን በፊት አውቶቡስ ተራ አጠገብ፣ ደረቱ ላይ ሳጥን ካንጠለጠለ ሻጭ ነው የገዛኋት። ባለ ስምንት ጊጋ ናት። ላይዋ ላይ በወርቅማ ቀለም ትልቅ ስምንት ተጽፎባታል። ግማሽ ሰዓት ተከራከርኩ፤ ሦስት ጊዜ ጥዬ ሄድኩ፣ ሦስት ጊዜ ጠራኝ፤ በመጨረሻ መጀመሪያ ከጠራው ከግማሽ በታች አወረድኩት። «አንተማ የሰፈር ልጅ ነህ፣ አንተን ማን ይችላል» ብሎኝ ራሱን እየነቀነቀ ሰጠኝ። ሱቅ ስደርስ ለጋሽ ወርቁ ክርክሩን ከነትወናው ደገምኩላቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የመረመርኩት ዋጋውን ነው። ዕቃውን አንድ ደቂቃ አልመረመርኩትም።

ሊኑክሱን እዚያች ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። ከመገልበጤ በፊት ጓደኛዬ ያመጣው ፋይል ጤነኛ መሆኑን አጣርቻለሁ፤ ይህን መዝግቡልኝ። ፋይል እንደ ሰው አሻራ አለው፤ አንዲት ፊደል ብትነካ አሻራው ይለወጣል። አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። ሲገለበጥም ኮምፒውተሩ «መቶ በመቶ ተጠናቋል» አለኝ። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። በየቀበሌው ስብሰባ የሚነበብ ሪፖርት ሁሉ መቶ በመቶ በተጠናቀቀበት ዘመን ያደግሁ ልጅ፣ መቶ በመቶ የሚባል ነገር ስሰማ ጸጉሬ መቆም ነበረበት። አልቆመም። በተረፈው ቦታ ላይ የሂሩትን ጽሑፍ ኮፒ አደረግኩና መጫን ጀመርኩ።

መጫን ሲጀመር ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ከጎኗ ቁጥር ይቆጥራል። አሥር፣ ሃያ፣ አርባ። እኔ ለሂሩት ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳለሁ። ሃምሳ፣ ስልሳ። ስልሳ አንድ። ስልሳ ሁለት።

ቆመ።

ሙቀት ነው አልኩ። ላፕቶፗን በሁለት የክር ጥቅል ላይ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኳትና ከስሯ አየር እንዲገባ አደረግኩ። እንደገና ጀመርኩ። ስልሳ ሁለት ላይ ቆመ። ሚሞሪዋ ነው አልኩ። ፈትቼ አወጣሁት፣ ጥርሱን በላጲስ ፈተግኩት፣ መለስኩት። ስልሳ ሁለት። ሂሩት ከጎኔ ቆማ ጥፍሯን መብላት ጀምራለች።

«ገደልካት?»

«አልሞተችም፤ ተኝታ ነው።»

«እኔ ነርስ ነኝ። የሞተና የተኛ እለያለሁ። ጽሑፌን ስጠኝና ልሂድ።»

ፍላሿን ዴስክቶፔ ላይ ሰካኋት። ጽሑፉ አለ። ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ። ስከፍተው ውስጡ የአማርኛም የእንግሊዝኛም ያልሆነ፣ አራት ማዕዘንና ጭረት ብቻ የተደረደረበት ነገር ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። ቫይረሱ ነው አልኩ። ለቫይረሱ ያላሸከምኩት ጥፋት አልነበረም። ላፕቶፗን በዊንዶውስ ላስነሳት ብል፣ መሀል ላይ የተቋረጠው ጭነት አፋልሶት ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ጽፋ ዝም አለች፤ የምነሳበት ነገር አላገኘሁም የምትል መስመር። ሃርድ ዲስኳን ፈትቼ ዴስክቶፔ ላይ ላድርጋት ብል፣ የእሷ መሰኪያ አዲሱ ዓይነት ነው፣ የእኔው አሮጌው። ሊኑክስ ሳይጫንም ከፍላሽ ላይ መነሳት ይችላል፤ እሱንም ሞከርኩ፤ ተነሳ፣ ደስ አለኝ፣ ፋይል የሚከፈትበትን መስኮት ስነካው ድርቅ አለ።

እትዬ ዘነቡ መንገዱን አቋርጠው መጡ። ከልጃቸው ፊት ላይ ነገሩን አንብበውታል።

«አንተ ልጅ፣ የልጄን አራት ወር ምን አደረግኸው?»

«ቴክኒካል ችግር ነው እትዬ።»

«አማርኛውን ንገረኝ።»

«ምን እንደሆነ አላወቅሁም።»

በዚያን ቀን የሰጠሁት የመጀመሪያው አጭር ማብራሪያ ይህ ነበር።

ሰዓቱ ሰባት አልፏል። መብራት አሥር ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ የላፕቶፗ ባትሪ ደግሞ ለጌጥ የተቀመጠ ነው፣ መብራት ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። እንግዲህ በሦስት ሰዓት ውስጥ ወይ የሂሩት ጽሑፍ ይወጣል፣ ወይ እኔ ሸማ ተራን ለቅቄ ሌላ ጥግ እፈልጋለሁ። ሂሩት አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር፤ የጋቢ ክምር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጋሽ ወርቁ ጥግ ላይ ከሚያዜመው ራዲዮናቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ተነሱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ስንቴ ሞከርካት?»

«ሦስቴ ጋሼ።»

«ሦስቴም እዚያው ነው የቆመችው?»

«እዚያው። ስልሳ ሁለት ላይ።»

«ልጅቷ ብትታመምማ፣» አሉ ላፕቶፗን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ነበር የምትወድቀው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ነገር የታመመ አይደለም። ማጉ ያለቀበት ነው።»

ማግ ማለት በድሩ መሀል የሚመላለሰው ፈትል ነው። እሱ ካለቀ ሸማኔው ቢቀመጥም ሸማው አይሄድም።

«ይህቺን ዘርግተህ አይተሃታል?» አሉኝ።

«የቷን?»

«ያቺን በስንት ክርክር የገዛኻትን።»

«ጋሼ፣ ስምንት ጊጋ እኮ ናት። ላይዋ ላይ ተጽፏል።»

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አወለቁ። ጋቢ ላዩን ዳሰስ አድርጎ «ወፍራም ነው» የሚል ገዢ ሲገጥማቸው እንደሚያዩት አዩኝ።

«ላይዋ ላይ» አሉ። ተመልሰው ተቀመጡ።

የሰው ልጅ አእምሮ ውስጥ መብራት ሲበራ ድምፅ ቢኖረው ሸማ ተራ በሙሉ ይሰማ ነበር። ፍላሿን ዴስክቶፔ ላይ ሰክቼ እንደ ጋቢ ዘረጋኋት። እንዴት ይዘረጋል? ቀላል ነው። ቁጥር ቁጥር የተሰጣቸው ፋይሎች አዘጋጅቼ እስክትጠግብ ድረስ ሞላኋት፤ ከዚያ ከአንድ ጀምሬ እያንዳንዱን መልሼ ከፈትኩ። ያስገባሁት ሁሉ ከወጣ ዕቃዋ ሙሉ ነች። አንድ ወጣ። ሁለት ወጣ። ግማሽ ጊጋ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ልክ እንደገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያሉት ስማቸው አለ፣ መጠናቸው አለ፣ ውስጣቸው አራት ማዕዘንና ጭረት ነው።

ገባችሁ? ፍላሿ ግማሽ ጊጋ ናት። ስምንት ነኝ እንድትል ተመክራ የመጣች ግማሽ ጊጋ። የፋይል ስም ዝርዝር የሚጻፈው መጀመሪያው ላይ ስለሆነ ስሙን በሚገባ ትመዘግባለች፤ ዕቃው ሲመጣ ግን ማስቀመጫ ስለሌላት ተቀብላ መሬት ላይ ትጥለዋለች። እና «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ትላለች። ሊኑክሱ ከግማሽ ጊጋ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ክንድ ጥቅጥቅ ብሎ አለ፣ ተነስቶ መሄድ ይጀምራል፤ ስልሳ ሁለት ላይ ሲደርስ የሌለ ነገር አምጡ ይላል። የሂሩት ጽሑፍ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልገባም። ቫይረሱን ይቅርታ ጠየቅኩት።

ልታምኑኝ ትችላላችሁ፤ ስሸወድ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ያልታወቀ ችግር ነው የሚያስፈራው፤ የታወቀማ ሥራ ነው። ጮክ ብዬ «አገኘሁት!» ስል አንዲት የጋቢ ገዢ ደንግጣ የያዘችውን ጣለች። ሂሩት ከክምሩ ላይ ወረደች። ግን እግረ መንገዴን አንድ ነገር አሳዘነኝ። እኛ የመርካቶ ሰዎች ሽንኩርት ስንገዛ እንገለብጣለን፣ እንቁላል ስንገዛ ለፀሐይ እናሳያለን፣ በርበሬ ስንገዛ አፋችን ላይ ጣል አድርገን እናነጥሳለን። አባቶቻችን የገዙትን ዕቃ ሁሉ እንዴት እንደሚመረመር እናውቃለን። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ግን፣ ላዩ ላይ ቁጥር ከተጻፈበት፣ እንደ ጨዋ ልጅ አምነን እንወስዳለን። አዲስ ነገር አይዋሽም ያለን ማን ነው?

አሁን የጎደለን እውነተኛ ፍላሽ ነው። ሌላ ልግዛ ብል እሱንም መዘርጋት አለብኝ፤ ሰዓቱ ደግሞ ወደ ስምንት ነው። በዚህ መሀል ዓይኔ በጋሽ ወርቁ ራዲዮ ላይ አረፈ። ፍላሽ የሚሰካበት ራዲዮ ነው። ሾፌር ልጃቸው ከሦስት ዓመት በፊት የድሮ ዘፈኖች ሞልቶ ያመጣላቸው ፍላሽ ራዲዮው ጎን ላይ ተሰክቶ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ባለ አንድ ጊጋ ነው።

«ጋሼ…»

«አይሆንም።»

«ዘፈኖቹን መጀመሪያ ዴስክቶፔ ላይ…»

«የሂሩትንም ኮፒ አድርጌዋለሁ ብለህ ነበር።»

እትዬ ዘነቡ ጣልቃ ገቡ። «ወርቁ፣ የልጄን ምርቃት ነው በዘፈን የምትለውጠው?»

ጋሽ ወርቁ ፍላሹን ነቀሉት። ዘፈኖቹን ዴስክቶፔ ላይ ገለበጥኩ። «የመጨረሻውን ክፈትልኝ» አሉ። ከፈትኩ። «መጨረሻውን» አሉ። ወደ ዘፈኑ ማለቂያ ወሰድኩት። ማሲንቆው እስኪያበቃ ድረስ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። «በል ቀጥል።» እንዲህ ነው ሰው ማለት!

የዘፈኑን ፍላሽ ባዶ አደረግኩት፣ ሞላሁት፣ ፈተንኩት። አንድ ጊጋ ይላል፣ አንድ ጊጋ ነው። ሊኑክሱን ገለበጥኩበት። ይህን ጊዜ ግን «ተጠናቋል» የሚለውን አላመንኩም፤ አሻራውን ከፍላሹ ላይ አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ላፕቶፗ ላይ ሰካሁና ሳልጭን አስነሳሁት። ተነሳ። ያን ድርቅ ይል የነበረ መስኮት ነካሁት። ተከፈተ። ሃርድ ዲስኳ ታየ፤ ውስጧ የሂሩት ፎልደር፤ ፎልደሩ ውስጥ ጽሑፉ።

«ክፈተው» አለች ሂሩት።

ከፈትኩት። ፊደል ነው። የሚነበብ፣ የታወቀ፣ የሰው ፊደል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟ አለ። እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ ጋሽ ወርቁ ከኋላ፣ «ቆይ! መጨረሻውን!» አሉ። ወረድኩ። ሠላሳ ገጽ፣ አርባ፣ ሃምሳ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከመጨረሻው መስመር በታች፣ ሂሩት ለእናቷ የጻፈችው ምስጋና አለ። እናትየዋ አነበቡት። እልልታው ከዚያ ነው የመጣው። ሸማ ተራ ውስጥ ገና ሲደርስ እልልታ ከተሰማ የሙሽራ ልብስ ተሸጠ ማለት ነው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራችን ላይ ሙሽራዋን ሊያይ የመጣ ሰው ሞላ።

ጽሑፉን በሂሩት ስልክ ሚሞሪ ላይ አደረግኩላት፤ እዚያም ላይ እስከ መጨረሻው ገጽ ዘረጋነው፤ ወደ ማተሚያው ሮጠች። እኔ ግን አላበቃሁም። ሥራ ስልሳ ሁለት ላይ ተትቶ አይኬድም። ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነው፤ መብራቱ እስኪሄድ ሦስት ሩብ ሰዓት አለኝ። መጫን ጀመርኩ።

ሙሽራ ሊያይ የመጣው ሰው ሙሽራ ባያገኝም አልሄደም። ምን እንደሚጠብቅ አስረዳሁት፤ እንግዲህ ታውቁኛላችሁ። ስልሳ ሁለት የሚባል ቦታ እንዳለና ማንም አልፎት እንደማያውቅ ነገርኳቸው። ሰው ተጠጋ። ሠላሳ ሲደርስ የጎረቤት ልብስ ሰፊ መኪናውን አቁሞ መጣ። ሃምሳ ሲደርስ ጋሽ ወርቁ ወንበራቸውን አምጥተው ከፊት ተቀመጡ። ሃምሳ አምስት ላይ አበራ የሚባለው ሸማኔያቸው ስድስት ጋቢ ተሸክሞ ደረሰ።

«ጋሼ፣ የገናው ዕቃ ደርሷል፤ ልዘርጋልዎት?»

«ቆይ አታውራ! እዚያ አስቀምጠው!» አሉ ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ።

ስልሳ። ከበሩ ላይ አንድ ተሸካሚ ጭነቱን ሳያወርድ ቆሞ አንገቱን አስግጓል። ስልሳ አንድ። ሂሩት የታተመውን ታቅፋ ሰውን እየገፋች ገባች። ስልሳ ሁለት። ቁጥሩ እዚያ ላይ ቆየ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በራሱ ምክንያት እዚያ ላይ ቆየ።

ስልሳ ሦስት።

የዚያን ጊዜው ጩኸት እግር ኳስ ሜዳ ላይ ቢሰማ ግብ ነው። ተሸካሚው ጭነቱን ከነራሱ ነቀነቀው። ጋሽ ወርቁ ጀርባዬን ሲመቱኝ አፍንጫዬ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «አይ ኢንጂነር!» አሉ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፌዝ። መቶ ሲሞላ፣ ላፕቶፗ ጠፍታ በሊኑክስ ስትነሳ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። መብራቱ በሰዓቱ ሄደ። ሄዶ ምን ያመጣል!

ሂሩት ዓርብ ጠዋት አስረከበች። ያቺን ባለ ወርቅማ ስምንት ፍላሽ ልጥላት ስል ጋሽ ወርቁ ከለከሉኝ። «መሀሉ የሳሳ ጋቢ ይጣላል እንዴ? ከጥቅጥቁ በኩል ይቆረጥና የሕፃን ጋቢ ይሆናል።» እውነታቸውን ነው። ፍላሿን የጤነኛዋን ግማሽ ጊጋ ያህል ብቻ እንድትጠቀም አድርጌ ቆረጥኳት፤ ዘፈኖቹ በልኳ ናቸው። አሁን ራዲዮው ጎን ላይ ተሰክታ የምትዘፍነው እሷ ናት። የማትዋሽበት ሥራ ስታገኝ ጨዋ ሆነች።

የገና ዋዜማ ለእናቴ ጋቢ ልገዛ ፈለግሁ። የት እንደምገዛ አትጠይቁኝም። ከአበራ አዲስ ዕቃ አንዱን መረጥኩ፤ ጥለቱ ያምራል፣ ላዩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጋሽ ወርቁ ሊጠቀልሉልኝ ወረቀት ሲያነሱ፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ ጋቢውን ወለሉ ላይ ከጥለት እስከ ጥለት ዘረጋሁት።

«በእኔ ሱቅ?» አሉ ጋሽ ወርቁ። ግማሽ ቁጣ፣ ግማሽ ኩራት ነው።

ተንበረከክሁ። እጄን በእጥፎቹ መሀል ከትቼ እየዳሰስኩ ሄድኩ። አንድ ክንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስተኛውን ስጨርስ እጄ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። እዚያው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የውስጡ እጥፍ ወንፊት ነው፤ ጣቶቼን በወዲያ በኩል ቆጠርኳቸው። የቀረውን ለካሁ፤ ሦስት ክንድ። ጠቅላላው ስምንት።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ጋሽ ወርቁ። እጃቸውን ከተቱ። ፊታቸው ተለወጠ። ሌላኛውን ዘረጉ። ሦስተኛውን። ስድስቱም እንደዚያው ናቸው። ሐሙስ ዕለት አበራ «ልዘርጋልዎት?» ሲል ሁላችንም ምን ስናይ እንደነበር ትዝ አለን።

«የት ላይ ነው የሚጀምረው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

አምስትን ለስምንት አካፈልኩት። ልዋሻቸው አልቻልኩም።

«ስልሳ ሁለት ፐርሰንት ላይ ነው ጋሼ።»

ጋሽ ወርቁ ወለሉ ላይ፣ ጋቢው መሀል ተቀመጡ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሳቁ ወጣ። እስኪያነቡ ሳቁ። አበራ በበዓሉ ማግስት ተጠርቶ ስድስቱንም ተሸክሞ ተመለሰ፤ ለእናቴ ከቆየው ክምር አንድ አወረድን፤ እኔ ከወዲህ እሳቸው ከወዲያ ሆነን ዳስሰን መሀል ላይ እጃችን ተገናኘ።

በጥር ወር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ አንገቴን ደፍቼ ስሠራ ጋሽ ወርቁ ለአንድ የገጠር ገዢ ጋቢ ዘርግተው ሲያሳዩ ሰማሁ። «ዘርግተህ እየው እባክህ፣» ይላሉ፣ «አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ የታወቀ ጋቢ አዋቂ። አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ ቁጥር ሲቆጠር አፉን ከፍቶ እያየ ስድስት ጋቢ ሳይዘረጋ ተቀበለልህ…»

«ምን ዓይነት ሞኝ ነው!» አለ ገዢው።

«ሞኝ ነው» አሉ ጋሽ ወርቁ፤ ከመነጽራቸው በላይ ወደ እኔ አዩ። «አንተም ታውቀዋለህ አይደል፣ ኢንጂነር?»

«በደንብ ነዋ ጋሼ» አልኩ። «የእኔም ጓደኛ ነበር።»